ቅያሪ ሱሪ

ሰው ሱሪ በማስወለቅ የታወቅኩ ሴት ነኝ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጳጳስ ይሁን ጄኔራል፣ ሼህ ይሁን ሚኒስትር፣ ካሜራዬ ስር ተኝቶ ጭኑ አካባቢ አንዲት የማላምናት ነጥብ ካየሁ «ይነሱ፣ ይታጠቡ፣ ሱሪዎን ይቀይሩ፣ እንደገና እናነሳለን» እላለሁ። ድምፄንም ዝቅ አላደርግም። የሚቆጣ ይቆጣል። አንድ ሽማግሌ «አንቺን እናት አላሳደገችሽም እንዴ?» ብለውኛል። አሳድጋኛለች እንጂ! ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው፤ በጣም ጨዋ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።

ሥራዬ የሰው አጥንት ማንሳት ነው። ራጅ አይደለም። ራጅ ጨረሩን ከውጭ ይልካል፤ እኛ ግን ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት በበሽተኛው ደም ስር እንወጋና፣ ጨረሩ ከሰውየው ውስጥ ሲወጣ ካሜራው ይለቅመዋል። መድኃኒቱ አጥንት ይወዳል። ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ይከማችና በኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ቴክኒሺየም ነው ስሙ። የሚገኘው በየሳምንቱ በአውሮፕላን ከሚመጣ አንድ በእርሳስ ብረት የታሸገ ዕቃ ነው። ዕቃውን ላሟ እንላታለን፤ ጠዋት ጠዋት ትታለባለቻ! የታለበው በስድስት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል፤ በሌላ ስድስት ሰዓት የግማሹ ግማሽ፤ በማግስቱ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይቀርም። ላሟም ራሷ ሳምንቱ ሲያልቅ ትነጥፋለች።

መድኃኒቱ አንድ ጣጣ አለው፤ ከሰውነት የሚወጣው በሽንት ነው። አንዲት ጠብታ ሱሪ ላይ ከነካች ካሜራው አጥንት ይሁን ጨርቅ አይለይም፤ እሷንም ጥቁር ነጥብ አድርጎ ያወጣታል። ለዚህ ነው ማስቀየር ያለው። ከተቀየረ በኋላ ነጥቧ ከጠፋች ሽንት ነበረች። ካልጠፋች አጥንት ውስጥ ናት። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

የባለቤቴ አባት ካራ ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተውም መለካት አልተዉም። ከበራቸው እስከ አስፋልቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ከእኛ ኮንዶሚኒየም መግቢያ እስከ አራተኛ ፎቅ ስንት ደረጃ እንዳለ ያውቃሉ። በየሳምንቱ ከካራ በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ ይዘው የእንጦጦን ጀርባ ይወጡና፣ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳይጠርጉ ቤት አይገቡም። ሱሪያቸው ሁልጊዜ በካውያ የተተኮሰ ነው። እኔን «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «አባባ» እላቸዋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ እፊታቸው እግሬን አጣምሬ ተቀምጬ አላውቅም። አማቴ ናቸዋ!

ሽንት ሲያስቸግራቸው ለማንም አልተናገሩም። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሊቀበሉ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ሄደው፣ ሁለት ጊዜ ሰው ግቢ እየገቡ ሽንት ቤት ሲለምኑ ልጃቸው አይቶ ነው የታወቀው። ለመነና ሐኪም ጋ ወሰዳቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ያኔ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ አጥንት ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም? ካልገባ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የመዳን ተስፋ አለ። ከገባ ግን መቀደዱ ለትርፍ ስቃይ ነው፤ ሌላ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል፣ የተነካው አጥንትም ሳይሰበር በጨረር ይታከማል። ይህን የሚመልሰው እንግዲህ የኔ ካሜራ ነው። ሌላ ሰው ያንሳቸው እንዳልል፣ ሥራውን የምንችል ሁለት ነበርን፤ አንዷ ወልዳ ቤት ናት።

ዋዜማውን የካ አባዶ እኛ ጋ አደሩ። ራት ላይ «ነገ ቅያሪ ሱሪ ይያዙ» ልላቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። ልጃቸው ተቀምጧል፣ የልጅ ልጃቸው ተቀምጣለች። ለምን ቢሉኝስ ምን ልል ነው? ዋጥኩት። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ልጅ ቦታ ሲለቅላቸው «ተቀመጥ አንተ፣ እኔ እግር አለኝ» ብለው እስከ መገናኛ ቆመው ሄዱ።

ያን ቀን ላሟ ልትነጥፍ ነው፣ የአዲሷ በረራ ዘግይቷል፣ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። አባባን ወጋኋቸውና «ብዙ ውኃ ይጠጡ፣ ቶሎ ቶሎ ይውጡ፣ ሦስት ሰዓት እንጠብቃለን» አልኳቸው። ይህንንም የተናገርኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ለሌላው በሽተኛ ቀጥዬ የምለው ነበረኝ፤ «ሲጨርሱ በደንብ ያራግፉ፣ ልብስዎን እንዳይነካ» የሚለውን። አማቴን ያራግፉ ልበል? ምድር ትዋጠኝ! እሱንም ዋጥኩት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ወጡ፤ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ካሜራው ከራሳቸው ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። የራስ ቅላቸው ንጹህ። ትከሻቸው ንጹህ። የጎድን አጥንታቸውን አንድ በአንድ ቆጠርኩት። አከርካሪያቸውም ሲያልቅ «ተመስገን» ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ የግራ ጭናቸው ላይኛው ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከብሽሽት ትንሽ ዝቅ ብላ አንዲት ነጥብ ታየችኝ። የምስር ፍሬ ብታክል ነው።

ሽንት ጠብ የሚልበት ቦታ ነው፤ እዚያ የማያቸው አብዛኞቹ ሽንት ናቸው። አስቀይሬ ማየት ብቻ ነው የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። እሳቸው በመስታወቱ በኩል አዩኝና ፈገግ አሉ። ግራጫ ሱሪ ነው የለበሱት፤ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወርዷል። ምን ልበላቸው? ሸንተውበታል ልበል? ቅያሪ የላቸውም፤ የሆስፒታሉን ቡትቶ ፒጃማ ላልብሳቸው? በልጃቸው ሚስት ፊት? ይሉኝታ ጨምድዶ ያዘኝ። «ጨርሰናል አባባ፣ ይነሱ» አልኳቸው።

ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ወጣት ነው፤ ከሱ በላይ ዘመን ስለሠራሁ ያምነኛል። ገባና ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ አየ።

«ይቺ ምንድን ናት እህቴ?» አለኝ።

«ሽንት ናት ዶክተር። ጠብ ብሎባቸው ነው።»

«አስቀይረሽ አየሽ?»

ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስ ቢሆን እዚህች ጋ ነው የማቆመው። «አላስቀየርኩም፣ አፍሬ ነው» ብለው ምን ይለኛል? ቢስቅብኝ ነው። «አዎ፣ አስቀይሬ አይቻለሁ፤ ጠፍታለች» አልኩት።

እንዴት እንደወጣኝ እግዜር ይወቀው። ሁለተኛውን ምስል አሳዪኝ እንኳን አላለም፤ ውጭ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቀ ነው። «እሺ» አለና አጥንታቸው ንጹህ ነው ብሎ ጻፈ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። አባባ ከበሩ ወዲያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። እኔ መኖራቸውንም ዘንግቼ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት «እስከ ነገ ድረስ ትንሽ ልጅ አያቅፉ» አልኳቸው፤ ጨረሩ እስኪወጣላቸው። ይህን ለማለት አላፈርኩም፣ ይገርማል። ቤት ስንደርስ ያኔ አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ በሩን በርግዳ «አባባ!» እያለች ስትሮጥ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው «ቁሚ! እዚያው ቁሚ!» አሏት። ወደ ኋላ ስድስት እርምጃ ለክተው ግድግዳውን ተደገፉ። ልጅቷ እሪ አለች። እሳቸውም ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ነገ የኔ እናት፣ ነገ» ይላሉ። ሳያቅፏት ካራ ሄዱ። የተባሉትን ሁሉ እንዲህ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ይቀይሩ ብላቸው ይቀይሩ ነበር እኮ! አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ «አባዬስ?» አለኝ። «ንጹህ ናቸው» አልኩት። ተንበርክኮ የሳሎኑን ወለል ሳመ።

ነጥቧ ግን አልተወችኝም። መድኃኒቱ በማግስቱ ከሰውነታቸው ወጥቶ አልቋል፤ እኔ ጋ ያለው አላልቅ አለ። ምስር ስለቅም እጄ ይቆማል። ሚኒባስ ውስጥ የፊቴ ሰው ኮት ላይ ጥቁር ነገር ባይ ልቤ ድንግጥ ይላል። «ሽንት ናት፣ ሽንት ናት» እላለሁ ለራሴ፤ ረዳቱ አንድ ቀን «ምን አልሽ እናት? ወራጅ ነሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ጠርቼ «አባባ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ላንሳዎት» ማለት እችል ነበር። ምክንያት መፈለግ ያቅታል? ቀኑ ግን አንዱ ሌላውን እየገፋው ሄደ፤ ከመቀደዳቸው በፊት ያለው ወርም አለቀ።

ተቀደዱ፤ ቁስሉም ደረቀ። ሽንታቸውን መቋጠር ግን አቃታቸው። ያጋጥማል ተባለ፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ አይመለስም አሉ። እኛ ጋ መምጣት ቀነሱ። ሲመጡም ሶፋው ላይ አይቀመጡም፤ «ጀርባዬን ይመቸኛል» ብለው የፕላስቲክ ወንበር ያስመጣሉ። ባለቤቴ «ዋናው ጤና ነው፣ ዋናው አጥንቱ ንጹህ መሆኑ ነው» ሲላቸው፣ እኔ ሳህን ለማንሳት ተነስቼ ወደ ኩሽና እገባለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከአንድ የሰፈር ጓደኛቸው ጋር እንደ ድሮው ወደ ጫካው ወጡ። ጓደኛቸው በኋላ እንደነገሩን፣ አላዳለጣቸውም፣ አልተደናቀፉም። ጋራው ወገብ ላይ ባለችው ሜዳ ወሬ እያወሩ ሲሄዱ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ወደቁ። አጥንቱ ነው ቀድሞ የተሰበረው፤ መውደቁ ኋላ ነው። እንጨት ለቃሚዎች በጋቢ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አወረዷቸው።

ባለቤቴ ስልክ ደውሎ «ከውስጥ ተበልቶ ነው ይላሉ፤ ግራ ጭኑ ላይኛው ጫፍ፣ ወደ ውስጥ በኩል» ሲለኝ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ መሬት ላይ። ሰው ከበበኝ። ውኃ አጠጡኝና ተነስቼ የድሮውን ምስል ከፈትኩ። እዚያው አለች፤ የምስር ፍሬዋ። ወጣቱ ሐኪም በኋላ የራጁን ወረቀት አይቶ «እንዴት በዚህ አጭር ጊዜ እዚህ ደረሰ? ምን ዓይነት ክፉ በሽታ ነው!» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ክፉስ እኔ ነኝ፤ ግን ያን ዕለትም አልተናገርኩም።

ጭናቸው ውስጥ ብረት ገባላቸው። በሁለት ክራንች መቆም ሲጀምሩ እንደገና ምስል ታዘዘ፤ በሽታው ሌላ የት የት እንደገባ ለማየት። ባለቤቴ ደግፎ አመጣቸው፤ እሱ ከውጭ ቀረ። አባባ ክራንቹ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል። ምሳ መስሎኝ ነበር። ወጋኋቸው፣ ሦስት ሰዓቱ አለፈ፣ ወደ ካሜራው ክፍል አስገባኋቸው። ግራጫውን ሱሪ ነው የለበሱት። ቃሉን ስለማመደው ነው የሰነበትኩት፤ ፊታቸው ቆሜ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሱሪዎን...» ከማለቴ ፌስታሉን አነሱ።

«ይዣለሁ» አሉ። ቡናማ ሱሪ አወጡ፤ ታጥቧል፣ ተተኩሷል። «ዛሬ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

አልጋውን ይዤ ቆምኩ።

«ከተቀደድኩ ወዲህ እንኳ እውነትም ያንጠባጥበኛል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። «ያን ቀን ግን ደረቅ ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ሰምተውኝ ነበር?»

«አስቀይሬ አይቻለሁ ስትዪው ሰማሁ። እንዴት ነው ነገሩ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ጮህኩባቸው። እኔ! በእሳቸው ላይ! «ለምን አልተናገሩም አባባ? ለምን?»

«አለቃሽ ፊት ዋሽታለች ልበል? ልትነግሪኝ አፍረሽ እንደሆነ ገባኝ። እኔስ ብሆን፣ የልጄን ሚስት ጠርቼ ሱሪዬ ደረቅ ነው ልበላት? ደግሞም የምታውቂው አለ ብዬ ነው። ሥራሽ ነው እኮ።»

ተንበረከክኩ። የታመመው እግራቸው እንዳይነቃነቅ ሱሪውን ቀስ አድርጌ ከእግራቸው ሳብኩ። በሙቅ ውኃ አጠብኳቸው፣ አደረቅኩ፣ ቡናማውን አለበስኳቸው። እሳቸው ጣራ ጣራውን ያያሉ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ አሥር ደቂቃም አልሞላም። እንባዬ ጉልበታቸው ላይ ሲንጠባጠብ «ተይ አሁን፣ ካሜራሽ እሱንም ነጥብ አድርጎ ያወጣብሻል» አሉኝ። ሳቅኩ፤ እየሳቅኩም አለቀስኩ።

ካሜራው ወረደ። ትከሻ ላይ። ጎድን ላይ። አከርካሪው ላይ እታች ድረስ። መቁጠሩን ተውኩት።

«ስንት ሆኑ?» አሉኝ ሲነሱ።

«ብዙ ናቸው አባባ።»

«ያኔ ስንት ነበሩ?»

«አንዲት።»

ቀያሽ አይደሉ፣ ቁጥሩን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ክራንቻቸውን ተቀበሉኝ። «በይ፣ ዛሬ ያየሽውን ጻፊ። የያኔውን ግን ባልሽ እንዳይሰማ። ትዳራችሁ ይፈርሳል፤ የልጅ ልጄ መሐል ቤት ትቀራለች» አሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ሲቀበላቸው «እንዴት ነበር አባዬ?» አላቸው። «ጎበዝ ናት፣ አላንገላታችኝም» አሉት።

የዚያን ዕለት ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ክረምት ሳይገባ አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ባለቤቴ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «አባቴን ከኔ በላይ ያስታመመችው እሷ ናት» ይላል፤ ሴቶቹም እየዞሩ ይስሙኛል። የሚስሙኝን ጉንጭ ብጥለው ደስ ባለኝ። ልጄ አሁን አድጋለች፤ እስከዛሬ ግን የሚወዳት ሰው ከሩቅ ሲጠራት ቆም ትላለች፣ ልቅረብ ወይስ አልቅረብ እንደማለት። እኔ ደረጃ ስወጣ ሳላስበው እቆጥራለሁ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ክራንች ኳ ሲል እሰማለሁ። ዞር ብል የለም።

ከአርባው በኋላ ካራ ሄደን ልብሳቸውን ለነዳያን ልንሰጥ እናጥፍ ነበር። ኮቱ አለ፣ ቡናማው አለ፣ ሸሚዞቹ አሉ። ባለቤቴ የቁም ሣጥኑን ታች ላይ አገላበጠ።

«ያ ግራጫ ሱሪውስ? በጣም ነበር የሚወደው» አለኝ።

ቡናማውን ያለበስኳቸው ቀን በፌስታሉ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሥራ ቦታ ሎከሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ በየጠዋቱ ነጭ ጋውኔን ሳወጣ ዳስሼው ነው የምጀምረው። ባለቤቴ ፊቴ ተንበርክኮ መልሴን ይጠብቃል።

«አላውቅም» አልኩት።